«ችግር አልተገኘበትም» ተብሎ የተመለሰው አምፕሊፋየሬ

የግራው ስፒከር ዝም ያለው ማታ ነው። ቤተሰቡ ተኝቷል። እኔ በአምፕሊፋየሬ፣ የማጫወቻውን ድምፅ አጉልቶ ወደ ስፒከሮቹ በሚልከው ማሽን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሙዚቃ እሰማለሁ። ዘፈኑ ሳያልቅ ግማሹ ጠፋ። መጀመሪያ ጆሮዬን ጠረጠርኩ። ከዚያ ተነስቼ ሽቦውን ነካካሁት፤ ለውጥ የለም። ቮልዩሙን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ግን ከር ከር አለና የግራው ተመለሰ። «ሽቦው ላልቶ ነው» ብዬ ተኛሁ።

ሽቦው አልነበረም። በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ዋስትናው ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ወደ አምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች። ሞዴሉን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሴሪያል ቁጥሩን ጠየቀችኝ። እሱ የተለጠፈው ከጀርባ ነው፤ ጀርባው ደግሞ ግድግዳ ታኮ ተቀምጧል። ስልኩን በትከሻና በጆሮዬ መሃል ይዤ 14 ኪሎ ብረት ስጎትት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር እግሬ ላይ ልጥለው። ደረሰኙንማ አላገኘሁትም። «መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ደረሰኙ ከመሳቢያ ጥግ ሲገኝ ቀኑ በመከራ ነው የተነበበው። ያ ዓይነቱ ወረቀት የሚታተመው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው፤ ዝም ብሎ ተቀምጦም እየነጣ ይሄዳል። አሁን ማንኛውንም ዕቃ ስገዛ በዚያው ቀን ደረሰኙንና የዕቃውን ጀርባ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።

በሁለተኛው ጥሪ «ችግሩ ምንድን ነው?» ስባል «አንዱ ጎን አልፎ አልፎ ይጠፋል» አልኩ። እንዳልኩት ጻፈችው። የጥያቄ ቁጥር ሰጠችኝ፤ ቁጥር ስለማይያዝልኝ በኢሜይል እንድትልክልኝ ለመንኳት። ጥሩ አደረግሁ።

ማሽኑን ለጥገና ለመላክ ማሸጉ ሌላ ጣጣ ነበር። ዋናውን ካርቶን ከጣልኩት ቆይቷል። ያገኘሁት ካርቶን ሰፋ ያለ ስለነበር ዙሪያውን በጋዜጣ ሞላሁት። አምፕሊፋየር ውስጥ ክብደቱን የሚይዘው ትራንስፎርመሩ ነው፤ የኔ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። መንገድ ላይ ጋዜጣው ተጨፈለቀ፣ ማሽኑም በከበደው ጎኑ ወደ ካርቶኑ ጥግ ተንሸራተተ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥጉ ተጨርምቶ ተመለሰ። ከላዩ አንድ ወረቀት አለ፤ «ለ2 ሰዓት በከፍተኛ ኃይል ተሞክሯል። ችግር አልተገኘበትም።»

ያን ማታ አብርቼ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። የግራው ዝም።

ደሜ ፈላ። ረጅም የስድብ ኢሜይል ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። ወንድሜ ደግሞ «ክፈተውና ማጽጃ ርጨው፣ ምን ያካብድሃል» አለኝ። ብሎኑ ላይ የዋስትና ማሸጊያ ተለጥፏል። እሱ ባይኖርም አልከፍተውም ነበር። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የማያውቁት ውስጥ እጅ አይሰደድም።

ንዴቱ ሲበርድልኝ በስልክ ያስመዘገብኩትን መልሼ አሰብኩት። «አንዱ ጎን አልፎ አልፎ ይጠፋል።» ይህን ይዞ ማን ምን ያገኛል? ሐኪም ቤት ገብቶ «አንዳንዴ ያመኛል» ብሎ እንደመውጣት ነው።

ደብተር አወጣሁ። መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍቼ የሁለቱን ስፒከሮች ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ በኩል አቀያየርኩ። አሁን ዝም ያለው የቀኙ ስፒከር ሆነ። ስለዚህ ስፒከሩም ሽቦውም ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ የማሽኑ የግራ መውጫ ነው። ቀጥዬ ከማጫወቻው የሚመጣውን ገመድ ግራና ቀኝ አቀያየርኩ። አሁንም የጠፋው ያው የግራ መውጫ ነው፤ ማጫወቻውም ነፃ ወጣ። ሦስተኛው በማዳመጫ መስማት ነበር። በማዳመጫ ሁለቱም ጎን ጥርት ብሎ ይሰማል! ይህ ገረመኝ። ድምፁ ማሽኑ ውስጥ በሰላም ተጉዞ መጥቶ ስፒከሩ በር ላይ ነው የሚቀረው ማለት ነው።

ከዚያ ያቺ የመጀመሪያው ማታ ነገር ትዝ አለችኝ። ቮልዩም! አሥር ማታ መዘገብኩ። በስድስቱ ጠፋ። ስድስቱም ጊዜ የቮልዩም ቁጥሩ ከ20 በታች ነበር። 35 አካባቢ ሳደርሰው ከር ከር ብሎ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ዝቅ ባደርገውም ያን ማታ አይጠፋም። አንዱን በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩት።

ደወልኩና ከቴክኒሻኑ ጋር አገናኙኝ አልኩ። «አሠራራችን አይፈቅድም» አለችኝ፤ ግን ማስታወሻዬን እንድታስተላልፍለት ተስማማች። በማግስቱ ራሱ ደወለ። ደብተሬን አነበብኩለት። ቮልዩሙ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ዝቅ ሲል ነው የሚጠፋው? ምነው አስቀድመው ቢነግሩን! ሪሌው ነው።»

ማሽኑን ሲያበሩት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ውስጡ «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚሰጠው ሪሌው ነው። ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ በር ነው። ማሽኑ እስኪረጋጋ ይጠብቃል፤ ብልሽት ሲፈጠር ደግሞ ስፒከሩ እንዳይቃጠል ግንኙነቱን ይቆርጣል። ውስጡ የሚነካኩት ሁለት የብረት ነጥቦች በጊዜ ብዛት ይጠቁራሉ። በዝቅተኛ ድምፅ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያን ጥቁር ሽፋን ለመብሳት አቅም ያጣል። ከፍ ሲል ይበሳዋል። እነሱ በከፍተኛ ኃይል ሲሞክሩት በሩን ራሳቸው እየከፈቱት ነበር። ዋሽተውኝ አልነበረም፤ እኔ የምሰማው ማታ ማታ ቀስ ብዬ መሆኑን ማን ነገራቸው?

ዋስትናው በዚህ መሃል አልቆ ነበር። የሂሳብ ክፍሉ «ይከፈላል» አለ። የመጀመሪያውን የጥያቄ ቁጥር ከነቀኑ መለስኩላቸው፤ ችግሩ የተመዘገበው ዋስትናው ሳያልቅ ነው። ሁለት ቀን አሰቡበትና ተቀበሉት። ስልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያምነኛል።

ሁለተኛውን ጊዜ ካርቶን በካርቶን አደረግሁት። ማሽኑን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጠበቅ ባለ ካርቶን፣ እሱን ደግሞ ዙሪያውን ደረቅ ፎም በያዘ ትልቅ ካርቶን። ክዳኑ ላይ አንድ ገጽ ለጠፍኩ። ከላይ በትልቁ፣ «እባክዎ ቀዝቃዛውን ማሽን አብርተው፣ ቮልዩም ከ20 በታች ይሞክሩ» ይላል። የተጨረመተውን ጥግም ሳልከው ፎቶ አነሳሁት፤ ያ ጉዳይ ግን እስካሁን አልተቋጨም። እነሱ ማጓጓዣውን፣ ማጓጓዣው የኔን ጋዜጣ ይወቅሳሉ። ጋዜጣውን እኔም እወቅሳለሁ።

በዘጠነኛው ቀን መጣ። አሮጌውን ሪሌ እንዲመልሱልኝ ጠይቄ ስለነበር በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት አስገብተውልኛል። የክብሪት ቀፎ እንኳ አያክልም። ክዳኑ ተነስቷል። መብራት ስር ይዤ ሳየው የአንዱ ጎን ነጥብ ያብረቀርቃል፣ የሌላው እንደ ከሰል ጠቁሯል።

ያን ማታ ቮልዩሙን 12 ላይ አድርጌ ሁለቱንም ጎን ሰማሁ። ካርቶኖቹ አልጋ ስር ናቸው። ባለቤቴ «መቼ ነው የሚጣሉት?» ትለኛለች፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።