የሞተር የፊት መብራት ሥራ፦ ከአምፖሉ በፊት ስታተሩ

ሰላም ወንድሞች። የሞተሬ የፊት መብራት ሥራ፣ ከስታተሩ (ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) ጀምሮ፣ በዚህ ሳምንት አልቋል። ቁጥሩን ላስቀድም። በፊት አጭር መብራት በርቶ አምፖሉ ሶኬት ላይ የሚደርሰው ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ላይ 8 ቮልት፣ ጋዝ ሲሰጠው 11.6 ቮልት ነበር። አሁን ሚኒሞ ላይ 12.6፣ ጋዝ ላይ 13.6 ሆኗል። አምፖሉ አልተቀየረም፤ ያው 35 ዋት ሃሎጅን ነው።

የሁለት ቮልት ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። የሃሎጅን ብርሃን ግን ከቮልቱ ይልቅ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ11.6 ወደ 13.6 መውጣት ማለት ያንኑ አምፖል ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ማድመቅ ነው። ሚኒሞ ላይ በ8 ቮልት ሲበራ የነበረውማ የሩብ ያህል ብርሃንም አልነበረውም። ሀረጎ ላይ (በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው ጠመዝማዛ ዳገት) ለኩርባ ፍጥነት ቀንሳችሁ ፍሪሲዮን ስትይዙ መንገዱ ድንገት የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ መብራቱ በጣም በሚያስፈልግበት ቅጽበት ሞተሩ ዙር ያጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። የመብራቱ መስታወት እውነተኛ መስታወት ከሆነ ከውጭ ማጠብ ይበቃዋል። ፕላስቲክ ሆኖ ከደበዘዘ በ800፣ ከዚያ በ1500፣ ከዚያ በ2000 የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያረጠባችሁ ፈግፍጉና በፖሊሽ ጨርሱ። የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ሳምንት ያታልላል እንጂ አይቆይም። ውስጥ ያለውን የሚያብረቀርቅ አንፀባራቂ በጨርቅ አትንኩት፤ ሽፋኑ እጅግ ስስ ስለሆነ ይላጣል፣ አቧራውን በአየር ብቻ ማስወጣት ነው። የሃሎጅን አምፖል ብርጭቆ በጣት ከተነካ በአልኮል ይጠረግ፤ የጣት ቅባት ሲግል ብርጭቆውን ይጎዳል።

ስለ አምፖል ሁለት ነገር ልበል። ብዙዎቹ የ100 እና የ150 ሲሲ ሞተሮች የሚጠቀሙት ኤችኤስ 1 የሚባለውን 35/35 ዋት ነው። የመኪናው ኤች 4 60/55 ዋት ሲሆን መልኩ ይመሳሰላል፤ ጆሮውን በሞረድ ቀንሶ የሚያስገባ አለ። አታድርጉት። ኤችኤስ 1 ወደ 3 አምፔር ሲወስድ ኤች 4 ወደ 5 አምፔር ይወስዳል። ትንሹ ስታተር ያንን አይችልም፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ መብራቱ ይባስ ይደበዝዛል፣ የፕላስቲክ ሶኬቱም ቀስ በቀስ ይቀልጣል።

ሁለተኛው ኤልኢዲ ነው። አንፀባራቂው የተሰላው የሃሎጅኑ ሽቦ ለሚቀመጥባት ነጥብ ነው። ኤልኢዲው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ከወጣ ብርሃኑ ይበተናል፤ ከፊት ለፊታችሁ 10 ሜትር ላይ ነጭ ሆኖ ይደምቃል፣ ራቅ ብሎ ግን ጨለማ ነው፣ የመጪው ሾፌር ዓይን ደግሞ ይታወራል። መግዛት ካለባችሁ ቺፖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያዩ የሚሽከረከር አንገት ያለውን ምረጡ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግድግዳ ላይ አብርታችሁ አጭሩ መብራት ጥርት ያለ የላይ ጠርዝ እንዳለው እዩ። የማቀዝቀዣው ክንፍ ከኋላ ያለውን የላስቲክ ሽፋን የማያስገጥም ከሆነም ተዉት። ሽፋን የሌለው መብራት በደሴ ክረምት ውስጥ ውሃ ቋጥሮ አንፀባራቂው ይበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ፤ ብዙውን ጊዜ የወሰደው ኤሲው (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው፤ ከባትሪ የሚወጣው ግን ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው።

በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ ከባትሪ አይደለም የሚበራው። ከስታተሩ የሚወጣ ኤሲ በቀጥታ ይሄድለታል፤ ባትሪው የሚሞላው በግማሽ ሞገድ፣ ማለትም በኤሲው አንድ ግማሽ ብቻ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ፍሬቻና ጡሩምባ እየሠሩ የፊት መብራቱ ካልበራ ኤሲ መሆኑን ጠርጥሩ። በእርግጠኝነት ለማወቅ ሞተሩን አስነስታችሁ አምፖሉ ሶኬት ላይ በቴስተር ለኩ። በኤሲ በኩል ጥሩ ቮልት፣ በዲሲ በኩል ዝቅተኛና የሚዋዥቅ ቁጥር ካሳየ ኤሲ ነው። እዚህ ላይ ርካሽ ቴስተር ያሳስታል። አንዳንዱ በኤሲ ተደርጎ ጤነኛ ባትሪ ላይ ሲደረግ 26 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ የቴስተሩን ሁለት ሽቦ ስታገላብጡ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ የለካችሁት ዲሲ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ሞክራችሁ የቴስተራችሁን ጠባይ እወቁ።

ኤሲ ላይ ለዲሲ የተሠራ ኤልኢዲ ከተገጠመ ይንቀጠቀጣል፣ ብዙም አይቆይም። በቴስተር 13 የሚመስለው ኤሲ ጫፉ ላይ 18 ቮልትና ከዚያ በላይ ስለሚደርስ የአምፖሉን ድራይቨር (ኃይሉን የሚያመጣጥንለትን ሰርኪዩት) ያቃጥለዋል።

ቀጥሎ ያለውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ፦ የመብራቱን ሽቦ ከስታተር ነቅሎ በቀጥታ ከባትሪ ማገናኘት። መብራቱ ወዲያው ያምራል። ነገር ግን ግማሽ ሞገድ ብቻ የሚሞላ ባትሪ ወደ 3 አምፔር የሚበላ መብራት አይሸከምም። 5 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ መብራቱን ብቻውን ሁለት ሰዓት እንኳ አይዝም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከተሳቢ ኋላ ቀስ እያላችሁ ስትወጡ ይሟጠጣል። ስለዚህ መፍትሔው ስታተሩን ሙሉ ሞገድ ማድረግ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የግራውን የካርተር ክዳን ከመፍታታችሁ በፊት አዲስ ጋስኬት በእጃችሁ ይኑር፤ ሞተሩን በቀኝ ጎኑ ዘንበል ካደረጋችሁት ዘይቱ አይፈስም። ስታተሩ ላይ የመብራትና የቻርጅ ቦቢናው (የሽቦ ጥቅሉ) አንደኛው ጫፍ ከብረቱ ጋር በስታኞ ተይዞ ማሳ፣ ማለትም ግራውንድ፣ ሆኗል። ያንን ጫፍ ነቅላችሁ አዲስ ሽቦ ቀጥሉለትና ወደ ውጭ አውጡት። በሲዲአይ (በኤሌክትሮኒክ እሳት ሰጪ) ሞተሮች ላይ እሳት የሚሰጠው ቦቢና ለብቻው ነው፤ እሱንና የእሱን ማሳ አትንኩ፤ ከነካችሁት ሞተሩ አይነሳም። ለቅጥያው ሙቀትና ዘይት የሚችል የሲሊኮን ወይም የቴፍሎን ልባስ ያለው ሽቦ ተጠቀሙ፣ መጋጠሚያውንም በቱቦ ሸፍኑት። ናስትሮ እዚያ ውስጥ አይሠራም። ዘይትና ሙቀት ሙጫውን አሟሙቶ ያላቅቀዋል፣ የተላቀቀው ቁራጭም ከሚሽከረከረው ማግኔት ጋር ይነካካል።

ክዳኑን ከመመለሳችሁ በፊት ሁለት ልኬት አትዝለሉ። በቦቢናው ሁለት ጫፎች መካከል ከ2 ኦም በታች መታየት አለበት፤ በማናቸውም ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል ደግሞ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ሁለተኛው ጥቂት እንኳ ካሳየ የቀረ ማሳ አለ፤ እንዲሁ ከዘጋችሁት አዲሱ ሬጉሌተር (ኤሲውን ወደ ዲሲ ቀይሮ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ይቃጠላል።

ሬጉሌተሩ ባለ አራት ሽቦ ሙሉ ሞገድ ይሁን። ሁለቱ መግቢያዎች ወደ ቦቢናው ሁለት ጫፎች ይሄዳሉ፤ ፖዘቲቩ በ15 አምፔር ፊውዝ በኩል ወደ ባትሪ፣ ኔጋቲቩ ወደ ማሳ። ቦቢናው ነጭና ቢጫ ሁለት መውጫ ካለው ሙሉው ጥቅል ያለው ነጩ ላይ ነው፤ ቢጫው መሀል ላይ የተወሰደ ስለሆነ ጫፉ በደንብ ተሸፍኖ ይቀመጥ። የሽቦ ቀለም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ቀለሙን ሳይሆን የኦም ልኬቱን እመኑ፤ ከማሳው ጫፍ አንስቶ ከፍተኛ ኦም ያለው ሙሉው ጥቅል ነው። ከዚህ በኋላ ድሮ ከቢጫው ይመገቡ የነበሩት የፊት መብራት፣ የኋላ መብራትና የዳሽቦርድ መብራት ሁሉ ከቁልፉ በኋላ ካለው ዲሲ መመገብ አለባቸው። ሲያልቅ መብራት በርቶ፣ ጋዝ ተሰጥቶ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ አይቆጣጠርም፣ አምፖሉም ባትሪውም ይጎዳሉ።

ያለ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራ ማብሪያ) ሥራው ጎደሎ ነው። በእጀታው ላይ ባሉት ማብሪያዎችና በቀጫጭን ሽቦዎች የሚባክነው ቮልት ብዙ ነው። ለአጭርና ለረጅም ሁለት ሪሌ ግጠሙ፦ 30 ቁጥር በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል ከባትሪ፣ 87 ወደ አምፖሉ፣ 86 ከድሮው የመብራት ሽቦ፣ 85 ወደ ማሳ። ሽቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል፤ ፊውዙ ከባትሪው በቅርብ ርቀት ይቀመጥ። የአምፖሉን ማሳም በአዲስ ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መልሱት፤ ዝገት የያዘ የሻንሲ ማሳ ብቻውን ግማሽ ቮልት ሊበላ ይችላል። መብራቱ በርቶ በባትሪው ፖዘቲቭና በአምፖሉ ፖዘቲቭ መካከል ስትለኩ ከ0.3 ቮልት ካለፈ የላላ መጋጠሚያ ፈልጉ።

ማስተካከያውን ሜዳ ላይ አድርጉ፤ ሆጤ አካባቢ ሜዳ አይጠፋም። ግድግዳ ፊት 5 ሜትር ላይ ቁሙ፣ ሰው ኮርቻው ላይ ይቀመጥ፣ ማታ ሰው የምትጭኑ ከሆነ ከኋላም ሰው ይኑር። የመብራቱን መሃል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የአጭሩ መብራት የላይ ጠርዝ ከምልክቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። መብራቱ 85 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ በሜዳ 57 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ አንድ ነገር አይታችሁ እስክትቆሙ፣ ፍሬን ለመያዝ የሚፈጀውን 1.5 ሰከንድ ጨምሮ፣ በደረቅ አስፋልት 53 ሜትር ገደማ ይፈጃል። በእርጥብ ቁልቁለት ይህ ርቀት ያልፋል፤ በ40 ግን 30 ሜትር አካባቢ ስለሆነ መብራቱ ይበቃል። ሀረጎን በማታ ከ40 በላይ በአጭር መብራት መውረድ የማላምንበት ለዚህ ነው።

ግድግዳው ላይ ሳላችሁ አንድ ነገር ተመልከቱ። አንዳንድ መብራት አንደኛው ጎኑ ወደ ላይ ይነሳል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መነሳት ያለበት ቀኙ ነው። ግራው ከተነሳ ለህንድ መንገድ የተሠራ ነው፤ ህንዶች በግራ ነው የሚነዱት። ያ መብራት ከሚሌ በባቲ በኩል የሚመጣውን የከባድ መኪና ሾፌር ዓይን በቀጥታ ይመታዋል። ጠርዙን ዝቅ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል፣ ሙሉ መፍትሔው ግን ለቀኝ መንገድ የተሠራ መብራት ማስገባት ነው።

ለሐምሌና ለነሐሴ ጉም ረጅሙ መብራት አይረዳም፤ ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ወደ ዓይን ይመለሳል። ሁለት 10 ዋት ሰፊ ጨረር ያላቸው ትንንሽ መብራቶች ከፊት መብራቱ በታች፣ ሹካው አካባቢ ዝቅ ብለው ቢገጠሙና የራሳቸው ማብሪያ ቢኖራቸው የአስፋልቱ ጠርዝና ነጩ መስመር ይታያል። ቢጫ ቀለም ለዓይን ይቀላል፣ ከቀለሙ ይበልጥ የሚረዳው ግን ዝቅ ብለው መቀመጣቸው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 1.7 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ በተስተካከለው ስታተር ላይ ችግር የለውም።

አሁን የምከታተለው የሬጉሌተሩን ሙቀት ነው። ባዶ ብረት ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ታስሯል። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ወጥቼ እንደቆምኩ የሬጉሌተሩን የሽቦ ሶኬት በእጄ እነካለሁ። ለብ ማለቱ ጤና ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ወይም የፕላስቲኩ ነጭነት ወደ ቡናማ ከዞረ ፒኑ ላልቷል፣ በፒንሳ ጠበቅ አድርጎ ወይም ቀይሮ መመለስ ነው።