ፕሪሴት ለአንባቢው እንጂ ለርዕሱ አይሠራም

በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጽሑፍ የምታዘጋጁ ከሆነና ያንኑ ትእዛዝ በየቀኑ እንደ አዲስ የምትጽፉ ከሆነ ጊዜያችሁ በከንቱ እየሄደ ነው። «አጭር ይሁን፣ አማርኛው ቀለል ይበል፣ አንባቢውን አክብር» እያሉ ሁሌ መለመን ያሰለቻል። ደግሞ አንድ ቀን አንዱ መዘለሉ አይቀርም። ይሄን ሁሉ አንዴ ጽፎ ሴቭ ማድረግና ሲያስፈልግ መጥራት ይቻላል፤ ፕሪሴት የሚባለው ይኸው ነው። ከኤአይ መሣሪያዎቹ ቻትጂፒቲ ቋሚ መመሪያ የሚሞላበት ቦታ አለው፣ ክሎድ ላይ «ፕሮጀክት» ከፍታችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ ጀሚናይ ላይ «ጄም» ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

እኔ የምጽፈው መሀል አዲስ አበባ ላሉ ትንንሽ ንግዶች ነው። ፒያሳ ያለ ወርቅ ቤት፣ አራት ኪሎ ያለ መጻሕፍት መደብር፣ ስታዲየም አካባቢ ያለ የጉዞ ወኪል። መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ፕሪሴት መሥራት ነው፦ የወርቅ፣ የመጽሐፍ፣ የጉዞ። እንደዚያ አታድርጉ። ርዕስ በየቀኑ ይቀየራል፣ አንባቢው ግን ያው ነው። ልጇን ልትድር ወርቅ የምትመርጥ እናትና ለእጮኛው ቀለበት የሚፈልግ ወጣት አንድ ሱቅ ቢገቡም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አይጻፍላቸውም። ለእሷ «ይምረጡ» ነው፣ ለእሱ «ምረጥ» ቢባል ቅር አይለውም። ስለዚህ የፕሪሴቱን ስም በአንባቢው ጥሩት፤ «ለእናቶች»፣ «ለወጣቶች»፣ «ከውጭ ለሚመጡ ሀበሾች» በሉት።

አክብሮቱን በግልጽ ካልጻፋችሁለት መሣሪያው ይደባልቃል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «እርስዎ» ብሎ ይጀምርና ሁለት መስመር ወረድ ሲል «ትችላለህ» ይላል። «በአክብሮት ጻፍ» ማለት ብቻውን አይበቃም። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «አንባቢውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እርስዎ በል፤ ግሡም ይችላሉ፣ ያገኛሉ፣ ይምጡ ይሁን»። ምሳሌው እዚያው ሲቀመጥለት በጣም ይስተካከላል።

የዘመን አቆጣጠሩን ግን አደራ። እነዚህ መሣሪያዎች ከሌላው ቋንቋ ሁሉ አብልጠው ያነበቡት እንግሊዝኛ ስለሆነ የፈረንጁን ዓመት ምንም ምልክት ሳያደርጉበት አማርኛ ውስጥ ይዶሉታል። ፒያሳ ስላለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጻፍ ብትሉት ጦርነቱ «በ1896» ተካሄደ ብሎ ሊያመጣላችሁ ይችላል። በፈረንጅ ልክ ነው። እኛ የምናውቀው ግን የካቲት 23 ቀን 1888ን ነው፤ 1896ን በራሱ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ዓድዋን በ8 ዓመት አሳለፈው ማለት ነው። ቀላል ባቡሩም እንደዚያው፦ በእኛ መስከረም 2008 ሥራ የጀመረውን «በ2015» ይልላችኋል። «8 ቀንስ» ብሎ መመሪያ መስጠትም አያዋጣም፣ ምክንያቱም ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ነው። የእኔ መመሪያ «የሰጠሁህን ቀን እንዳለ ተጠቀም፣ ራስህ አትቀይር፤ ራስህ ያመጣኸው ዓመት ካለ እ.ኤ.አ. ብለህ ምልክት አድርግበት» ይላል። ሰዓቱንም ጨምሩበት። «ጠዋት 8 ሰዓት ይከፈታል» የሚል ማስታወቂያ ያየ ደንበኛ ግራ ይገባዋል፤ ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር። አንዳንድ መሣሪያዎች የቃላት ብዛት አስቀድመው ሞልተው ነው የሚመጡት፣ ያ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለእንግሊዝኛ የታሰበ ነው። በእኛ «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ቃል ይፈጃል። ቁጥሩን እንዳለ ከተዋችሁት የሚነገር ነገር አልቆበት ያንኑ እየደጋገመ ይሞላዋል። እኔ በግድየለሽነት ከመተው ሲሶውን ቀንሼ ነው የምጀምረው።

ከዚያ የማይፈለጉ አባባሎች ዝርዝር አለኝ። «በዛሬው ፈጣን ዓለም»፣ «ጉልህ ሚና ይጫወታል»፣ «ልብ ሊባል የሚገባው»፣ «በማጠቃለያው»። እነዚህን ያየ አንባቢ ወዲያው ያልፈዋል፣ መብቱም ነው። ዝርዝሩ ብቻውን ግን ብዙ አይረዳም፣ አንዱን ስትከለክሉት ወንድሙን ያመጣል። የሚረዳው ናሙና ነው። ራሳችሁ የጻፋችሁትንና የምትወዱትን ሁለት አንቀጽ ፕሪሴቱ ውስጥ አስገቡና «በዚህ አማርኛ ጻፍ» በሉት። «ወዳጃዊ፣ ማራኪ፣ ሙያዊ» ብሎ ቅጽል ከመደርደር ይሄ በብዙ ይሻላል። «ሀ» እና «ሐ» ላይም አንድ አጻጻፍ ምረጡና በዚያው ጽኑ።

ፕሪሴቱ ውስጥ ፈጽሞ የማይገቡ ነገሮችም አሉ፦ ዋጋ፣ ስልክ፣ አድራሻ። የወርቅ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። አድራሻውማ በተለይ! በኮሪደር ልማቱ ፒያሳም ካዛንቺስም ስንቱ ሱቅ ፈርሶ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል፤ አሮጌው አድራሻ ፕሪሴቱ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ እያንዳንዱ አዲስ ጽሑፍ ደንበኛውን የሌለ ሱቅ ፍለጋ ይልከዋል። እነዚህ በየጊዜው በእጅ የሚሞሉ ናቸው።

ስታስተካክሉ አንድ መስመር ብቻ ቀይሩና ያንኑ ርዕስ ደግማችሁ ስጡት። አምስት ነገር አብራችሁ ከነካካችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም። የፕሪሴቱን ኮፒ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ውስጥ ከነቀኑ አስቀምጡ። የመሣሪያዎቹ ክፍያ በዶላር ነው፣ ብዙዎቻችን ለዚያ የሚሆን ካርድ የለንም፣ አንድ ወር ከፍለን ሌላ ወር የምንተው ብዙ ነን። ጽሑፉ በእጃችሁ ካለ ሌላ መሣሪያ ላይ በኮፒ ፔስት ትቀጥላላችሁ።

ሁሉም ፕሪሴቶቼ ላይ የማይቀር አንድ መስመር አለ፦ «የማታውቀውን ቁጥር፣ ስም ወይም ቀን አትፍጠር፤ ቦታውን «ይሞላ» ብለህ ተው»። ረቂቁ ሲመጣ መጀመሪያ «ይሞላ» የሚለውን ፈልጌ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ለባለ ሱቁ እደውላለሁ። አንድም «ይሞላ» ከሌለበት ግን እያንዳንዱን ቁጥርና ስም ለባለ ሱቁ አንብቤለት እሺ ሳይል አላወጣውም።