ፎቶግራፉ ከመገለጡ በፊት

የታሪክ መምህር ነኝ፤ የማስተምራቸው ልጆች ዕድሜያቸው 14 እና 15 ዓመት ነው። የጅምላ ግድያና የዘር ማጥፋት ምስሎች ለእነዚህ ልጆች ይታዩ ወይስ ይቅሩ ለሚለው ጥያቄ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መልስ ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም አሳየሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምንም አላሳየሁም። በሦስተኛው ዓመት ያደረግሁት ከሁለቱም ይሻላል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት የፈጀው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የእንግሊዝ ጦር በርገን ቤልሰን የተባለውን የናዚዎች ማጎሪያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1945 ሲቆጣጠር በረሃብና በተስቦ የተጎዱ፣ በሕይወት ያሉ 60,000 ያህል እስረኞችንና በሺህ የሚቆጠር ያልተቀበረ አስከሬን አገኘ። ከጦሩ ጋር የነበሩ ካሜራ የያዙ ወታደሮች ያዩትን ሁሉ ቀረጹ። አስከሬኑ በዶዘር እየተገፋ ወደ ጅምላ መቃብር ሲገባ የሚታየው በዚያ ፊልም ነው። እኔም እሱን አሳየሁ፤ መጋረጃውን ዘግቼ፣ አስቀድሜ አንድ ቃል ሳልናገር፣ በቀኑ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ።

ሐሳቤ ቅን ነበር። የሰው ልጅ ክፋት የት ድረስ እንደሚሄድ እንዲያዩ፣ እንዲደነግጡ፣ ከድንጋጤያቸውም እንዲማሩ ፈለግሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ሳቀ። ተቆጥቼ ከክፍል አስወጣሁት። ሲወጣ እጁ የበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ነው የያዘው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሳቀው ስለፈራ መሆኑን የተረዳሁት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ደወሉ የተደወለው ፊልሙ ሳያልቅ ነው። ልጆቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ፤ አንድም ሰው ጥያቄ አልጠየቀም። ዝምታቸውን ለሟቾቹ የተሰጠ ክብር አድርጌ ቆጠርኩት።

በሦስተኛው ቀን የአንዲት ተማሪዬ እናት መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «መምህር፣ ልጄ መብራት ካልበራ አልተኛም ካለች ሁለት ሌሊት ሆናት» አሉኝ። «ታሪክ አትማር አላልኩም። ግን እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው ብዬ ስጠይቃት አታውቅም። ብዙ ሬሳ ነበር፣ እሱን ብቻ ነው የምትነግረኝ።» የምመልስላቸው አጣሁ። እኔም እነማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ሥራቸውን ሳልናገር፣ ገዳዮቻቸው ሊያደርጓቸው የፈለጉትን አድርጌ፣ ክምር አድርጌ ነበር ለልጆቹ ያቀረብኳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ምስል የሚባል ነገር ከትምህርቱ አወጣሁ። ቀን፣ ስምምነት፣ አዋጅ፣ ቁጥር ብቻ አስተማርኩ። ናዚዎች በፈጸሙት የዘር ማጥፋት፣ በሆሎኮስት፣ 6 ሚሊዮን አይሁዳውያን ተገደሉ፤ በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 በ100 ቀናት ውስጥ 800,000 ያህል ሰዎች አለቁ። ልጆቹ በሰላም ተኙ፣ ወላጅም አልመጣም። ፈተና ሳርም አንድ ልጅ 6 ሚሊዮን በማለት ፋንታ 60 ሚሊዮን ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ውጤቱን ሲያይ ወደ እኔ መጥቶ፣ «መምህር፣ የተሳሳትኩት እኮ አንድ ዜሮ ነው» አለኝ። ጎበዝና ጨዋ ልጅ ነው፤ የተናገረውም በቅንነት ነው። ያ አንድ ዜሮ ግን ለብዙ ቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም።

በዚያው ሰሞን በዕረፍት ሰዓት አምስት ልጆች አንድ ስልክ ከበው ቆመው አየሁ። ሰው ሲገደል የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። የሚገደለው ማን ነው አልኳቸው፤ አያውቁም። የት ነው፤ አያውቁም። ማን ላከላችሁ፤ ተላልፎ ተላልፎ የመጣ ነው። እኔ ለልጆቹ አዝኜ ከክፍል ያስወጣሁት ዓይነት ምስል ከግቢው አልወጣም ነበር፤ የቀረው የሚያስረዳቸው ሰው ብቻ ነው። ልጆች ክፉ ነገር አይዩ የሚሉትን ሰዎች አከብራለሁ፣ ለትንንሾቹ ልጆች ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅን በተመለከተ ግን ክርክሩ ይታይ ወይስ አይታይ መሆኑ አብቅቷል ብዬ አምናለሁ። እያየ ነው። የቀረን ጥያቄ ከማን ጋር ሆኖ ያያል የሚለው ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎች እንዴት እንደሠሩት ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። ኦሽዊትዝ በተባለው የናዚዎች ማጎሪያ ያለው መታሰቢያ ሙዚየም ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲጎበኙት አይመክርም። በዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም እጅግ ዘግናኝ የሆኑትን ምስሎች ከዝቅተኛ ግድግዳ ጀርባ አስቀምጧቸዋል፤ ማየት የፈለገ ተጠግቶ ያያል፣ ያልፈለገ አልፎ ይሄዳል፣ ቁመቱ ያልደረሰ ሕፃን አያይም። ይበልጥ የነካኝ ግን በኪጋሊ የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ውስጥ ያለው የሕፃናት ክፍል ነው። እዚያ የተሰቀሉት የልጆቹ ፎቶግራፎች በሕይወት ሳሉ የተነሱ ናቸው። ከእያንዳንዱ ሥር ልጁ ምን መብላት ይወድ እንደነበር፣ በምን ይጫወት እንደነበር፣ ከዚያም እንዴት እንደተገደለ በአጭር በአጭሩ ተጽፏል። ቅደም ተከተሉን ልብ አልኩ። ሞቱ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው ያለው።

በሦስተኛው ዓመት ስለ አንድ ሰው ብቻ ለማስተማር ወሰንኩ። የመረጥኩት ኤሜት ቲል የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ ነው፤ ሲገደል 14 ዓመቱ ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት ለወላጆች አንድ ገጽ ደብዳቤ ላክሁ፦ ምን እንደምናስተምር፣ ምን ዓይነት ፎቶግራፍ እንደሚቀርብ፣ ማየት ግዴታ አለመሆኑን፣ ስለ ልጃቸው እኔ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ እንዲነግሩኝ። ሁለት ቤተሰቦች መለሱልኝ። አንደኛው፣ ልጃቸው የቅርብ ዘመዱ ሲገደል በዓይኑ ያየ መሆኑን ነገሩኝ። ልጁ የበርገን ቤልሰኑን ፊልም ባሳየሁበት ዓመት ተማሪዬ ሆኖ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም እጨነቃለሁ። ለብቻው ጠርቼ አነጋገርኩት፤ በሁለተኛው ቀን ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ሌላ ሥራ መሥራት መረጠ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለ ሞት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ኤሜት በቺካጎ ከእናቱ ጋር የሚኖር ልጅ ነበር። በሕፃንነቱ ፖሊዮ ይዞት ስለነበር ሲናገር ይንተባተባል፤ ሰዎችን ማሳቅ ግን ይወዳል። ባርኔጣ አድርጎ፣ ከረባት አሥሮ ፈገግ ያለበትን ፎቶግራፍ ለእያንዳንዳቸው ሰጠኋቸው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1955 ዘመዶቹን ሊጠይቅ በባቡር ወደ ሚሲሲፒ ግዛት ሲነሳ እናቱ የሟች አባቱን ቀለበት ሰጠችው፤ የአባቱ ስም መነሻ ፊደላት ተቀርጸውበታል። በዚያ ሰዓት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁሮች የወጡት ሕጎች ምን ምን እንደነበሩ፣ እናቱም ከመሄዱ በፊት ምን ብላ እንዳስጠነቀቀችው አስረዳሁ። ትምህርቱን ባቡሩ ላይ አቆምኩት። ልጆቹ የሚመጣውን ገምተዋል፤ ቢሆንም አንድ ሌሊት በሕይወት አብሯቸው እንዲያድር ፈለግሁ።

በማግስቱ የቀረውን ነገርኳቸው። በአንዲት ሱቅ ለነጭ ሴት ያልተገባ ነገር አደረግህ ተባለ። ኦገስት 28 ቀን ሌሊት ሁለት ነጮች ከዘመዶቹ ቤት ወሰዱት። ከሦስት ቀን በኋላ አስከሬኑ ታላሃቺ ከተባለ ወንዝ ወጣ። ፊቱ የሰው ፊት ስላልነበር ማንነቱ የተለየው በቀለበቱ ነው። እናቱ ማሚ ቲል የሆነውን ሰው ሁሉ ይየው ብላ የሬሳ ሣጥኑ ክፍት እንዲሆን ወሰነች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በሣጥኑ አጠገብ አለፈ፣ ጄት የተባለው የጥቁሮች መጽሔትም ፎቶግራፉን አተመው። ሁሉም ነጮች የሆኑት የፍርድ ሸንጎ አባላት አንድ ሰዓት ያህል ተማክረው ሁለቱን ሰዎች ነፃ ለቀቁ። ሰዎቹ ከወራት በኋላ ገንዘብ ተቀብለው መግደላቸውን ለመጽሔት ተናገሩ።

ፎቶግራፉን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አልጣልኩትም። ግድግዳ ላይ የተጣለ ምስል ማንንም አያስመርጥም፤ ዓይንን ያሳድዳል። የመዳፍ ያህል አድርጌ አሳትሜ በፖስታ ከትቼ በየጠረጴዛው አስቀመጥኩ። መብራቱ በርቷል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከክፍለ ጊዜው ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል። የፈለገ ይከፍታል፣ ያልፈለገ አይከፍትም፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም አልኩ። ከ36 ልጆች አምስቱ አልከፈቱም። አንዲቱ ከፍታ ግማሹን ብቻ አወጣችና መልሳ ከተተችው፤ ከዚያ ትናንት የሰጠኋትን የፈገግታውን ፎቶግራፍ አውጥታ ፖስታው ላይ አስቀመጠች። እንዲያ አድርጊ ያላት ሰው የለም።

በዚህ ጊዜም ዝምታ ነበር፤ ጥያቄ ያለበት ዝምታ ግን ነው። ቀለበቱ የት ደረሰ? ዳኛው ምን ይሉ ነበር? እናቱ ከዚያ በኋላ ምን ሠራች? (መምህርት ሆነች ስላቸው አንዳንዶቹ ቀና ብለው አዩኝ።) ከፊት የምትቀመጥ ልጅ፣ «እንድናየው የፈቀዱት እናቱ ናቸው ማለት ነው። ያልተፈቀደስ አለ?» አለች። ይህን ጥያቄ እኔ አላዘጋጀሁትም ነበር። የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት ትምህርት የለወጠው እሱ ነው።

ካሜራውን የያዘው ማን ነው የሚለውን ከዚያ ጀምሮ ከሁሉም አስቀድሜ አስጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1944 የኦሽዊትዝ ክፍል በሆነው ቢርከናው የነበሩ እስረኞች በድብቅ አራት ፎቶግራፎች አነሱ፤ ፊልሙ በጥርስ ሳሙና ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ወጣ። እነሱ እንድናይ ፈልገው ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠዋል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ግን የጣሊያን ወታደሮች ከገደሏቸው ኢትዮጵያውያን አጠገብ ቆመው ተነስተዋል። በአሜሪካም ጥቁሮች ተሰቅለው ሲገደሉ የተነሱ ፎቶግራፎች ፖስት ካርድ ሆነው ይሸጡ ነበር። እነዚህ የገዳይ ማስታወሻዎች ናቸው፤ ዝም ብለን ስናያቸው እነሱ በቆሙበት ቦታ ቆመን ነው የምናየው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1930 በኢንዲያና ግዛት በማሪዮን ከተማ ሁለት ጥቁር ወጣቶች የተገደሉበትን ፎቶግራፍ ሳቀርብ የሟቾቹን አካል በወረቀት ሸፍኜ ነው። የሚታየው ከሥር የቆመው ሕዝብ ብቻ ነው፦ ጣቱን ወደ ላይ የሚቀስር ሰው፣ ወደ ካሜራው ዞሮ ፈገግ ያለ ወጣት፣ ሴቶች። ልጆቹ ፊት በፊት እየለዩ ያዩትን ጻፉ። «የክት ልብሳቸውን የለበሱ ይመስላሉ» ብሎ የጻፈ አለ። አካሉ ቢታይ ኖሮ ይህን ማንም አያስተውለውም ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ይህን ዘዴ ባውቀው ብዬ እቆጫለሁ። በነገራችን ላይ አንድ ባልደረባዬ ልጆቹ የእስረኛና የጠባቂ ድርሻ ይዘው ይጫወቱት የሚል ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር። ፈጽሞ እምቢ አልኩ። የማንም መከራ በአርባ ደቂቃ ጨዋታ አይቀመስም።

ሁሉም ተሳካልኝ ማለት ግን አይደለም። በኤሜት ትምህርት ቀን አንድ ልጅ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቀርቶ፣ «ከዚህ የባሰ የለም?» አለኝ። የመጀመሪያው ስሜቴ ቁጣ ነበር። ያስወጣሁት ልጅ ትዝ አለኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለምን ፈለግህ አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ሁሉም አዘኑ፣ እኔን ግን ምንም አልተሰማኝም። ችግር አለብኝ?» አለ። በስልክ ስንት እንዳየ ስጠይቀው መቁጠር አልቻለም። ችግር አለብህም የለብህም አላልኩትም፤ ምስል ከማየት ለጥቂት ጊዜ እንዲታቀብ ለመንኩት፣ ከወላጆቹ ጋርም በእሱ ፈቃድ ተነጋገርኩ። ለቤት ሥራ እናትየዋ ሣጥኑ ይከፈት ስትል አብረዋት የነበሩ ሰዎች ምን ሊሏት ይችሉ እንደነበር እንዲጽፍ ሰጠሁት። ሦስት ገጽ ጻፈ። ፎቶግራፉን አንድ ቦታ አላነሳውም።

ክፍሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ፖስታዎቹን መልሼ ቆጠርኩ። ሁለቱንም ፎቶግራፎች እንዲመልሱ ነበር የነገርኳቸው። የሣጥኑ ፎቶግራፍ 36ቱም ተመልሷል፤ አምስቱ እንደታሸጉ ናቸው። ባርኔጣ ያደረገው ልጅ ፎቶግራፍ ግን ሰባት ጎደለ። ማን እንደወሰደው አልጠየቅሁም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሰባት ቅጂ አሳተምኩ።