ያልነበረውን ያየ ደራሲ

ዛሬ ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ እናቴ ቤት፣ ንፋስ ያዞረውን ዲሽ የሚያስተካክል ልጅ መጣ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ምስሉ መጣ። ብሎኑን አጥብቆ ምሰሶው ላይ በቀይ ቀለም ጭረት አሰመረ። ቀጭን፣ የክር ያህል።

እናቴ ከታች ሆና "ልጄ፣ ሳተላይቱ ራሱ ቦታውን ቢለቅስ?" አለችው።

"አብሽሩ እማማ፣ እሱ አይነቃነቅም።"

የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው አርተር ሲ ክላርክ ትዝ አለኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል የራዳር ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚዞር ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ለሚያየው የቆመ ይመስላል ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያሉ ሦስት ሳተላይቶች የሬዲዮ ስርጭትን ለዓለም ያዳርሳሉም አለ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው! ኋላም ስሪላንካ ገብቶ እዚያው ሲጽፍ ኖረ።

እንዲህ ዓይነት ሐሳብ እኛ ሰፈር ሲወለድ "ቅዠት" እንዳይባል እሰጋለሁ። የእህቴ ልጅ ደብተሩ ጀርባ ላይ ስለ ወደፊቷ ደሴ ይጽፋል። ቅዳሜ አብረን ቁጭ ብለን እናነበዋለን።