የአእምሮ ጫናን በላንጉጅ ሞዴል መገመት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን ትርፍ ጊዜዬን የበላው ጥያቄ ይሄ ነው። ሚክስድ ሪያሊቲ መነጽር (እውነተኛውን ክፍልና ዲጂታል ምስልን አንድ ላይ የሚያሳይ) ያደረገ ሰው አእምሮው ምን ያህል እንደተወጠረ፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ላንጉጅ ሞዴል መገመት ይችላል?

ሙከራው ኤን-ባክ ይባላል። መነጽሩ ውስጥ ፊደላት በየተራ ይመጣሉ። አሁን ያያችሁት ከሁለት በፊት ከመጣው ጋር አንድ ከሆነ ቁልፉን ትጫናላችሁ። ሀ፣ መ፣ ሀ ሲመጣ መጫን፤ ሀ፣ ሀ፣ መ ሲሆን ዝም። ወደ 3-ባክ፣ ማለትም ከሦስት በፊት ከመጣው ጋር ወደ ማወዳደር፣ ከፍ ሲል ሰው ሁሉ ላብ ላብ ይለዋል። ከየዙሩ በኋላ ናሳ ቲኤልኤክስ እናስሞላለን። ሃርትና ስታቭላንድ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት መጠይቅ ነው፤ የአእምሮ፣ የአካልና የጊዜ ጫናን፣ ውጤትን፣ ጥረትንና ብስጭትን ይጠይቃል። ሞዴሉ መገመት ያለበት ይህን ነጥብ ነው።

ሞዴሉ ከሚገምትባቸው ምልክቶች ያስቸገረኝ የዓይን ብሌን ነው። ሰው አጥብቆ ሲያስብ ብሌኑ እንደሚሰፋ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ግን ብሌን ከሐሳብ ይልቅ ለብርሃን ይታዘዛል። በዚህ መነጽር ደግሞ ክፍሉም ይታያል፣ ስክሪኑም ያበራል። ደመና መስኮቱን ሲጋርደው ብሌን ይሰፋል፤ ሞዴሉ «በጣም ተወጥሯል» ይላል። ሰውዬው እኮ እያዛጋ ነው!

የብሌኑን ልኬት በሚሊሜትር 3.41፣ 3.44፣ 3.39 እያልኩ ደርድሬ ስሰጠው ግምቱ ጥንቆላ ነበር። አሁን የምሰጠው እንዲህ ነው፦ «3-ባክ። ብሌኑ ከራሱ የእረፍት ልኬት በ8 በመቶ ሰፍቷል። የክፍሉ ብርሃን አልተቀየረም። መልስ ለመስጠት ዘግይቷል።» ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ቶሎ መደሰት ግን አያስፈልግም። «3-ባክ» የሚለውን ያየ ሁሉ ከባድ ነው ብሎ መገመት ይችላል፤ ይሄ ዕውቀት አይደለም። ስለዚህ የፈተናውን ደረጃ አውጥቼ፣ ሞዴሉ በምሳሌነት እንኳ ባላየው ሰው ላይ ሞከርኩት። የግምቱ ትክክለኛነት ወረደ። ያም ሆኖ ከጥሬ ቁጥሩ ይሻላል። ተራው ራንደም ፎረስት (ብዙ የውሳኔ ዛፎችን አጣምሮ ከቁጥር የሚገምት የቆየ የማሽን ለርኒንግ ዘዴ) ግን አሁንም እግር በእግር ይከተለዋል፣ ያውም ያለምንም ወጪ። ለቁጥር ብቻ ከሆነ ላንጉጅ ሞዴል ቅንጦት ነው ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የምጨምረው ሰዎች እየሠሩ የሚያጉረመርሙትን ነው። «ቆይ፣ ምን ነበር?» የምትለዋን ራንደም ፎረስት እንዲህ በቀላሉ አይረዳትም። ደጅ ላይ፣ በፀሐይ የተሰበሰበ ዳታ ያላችሁ ካላችሁ ብርሃን በብሌን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሐሳብ ከሚያመጣው እንዴት እንደለያችሁት ጻፉልኝ።