ስሜ ያልተጻፈበት ጌም

ሥራዬን የሚጠይቀኝ አበሻ ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «እየተጫወትክ ይከፈልሃል? ታድለህ!»

አሜሪካ፣ ሲያትል አካባቢ የቪዲዮ ጌም ቴስተር ነኝ፤ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ስህተቱን እየፈለግኩ አወጣለሁ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዤ ከግድግዳ ጋር ሳጋጭ ነው የዋልኩት። ግድግዳውን ሰንጥቆ ያልፋል? ካለፈ ቪዲዮውን እቀዳለሁ፣ እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እጽፋለሁ። ፕሮግራመሩ ያስተካክለዋል። በማግስቱ አዲስ ቅጂ ይመጣል፣ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ።

ሥራውን ግን እወደዋለሁ። አንድ ቀን በር እየተከፈተ ሳለ ጨዋታውን ሴቭ ካደረግን ሁሉም ነገር እንደሚጠፋ ደረስኩበት። ያን ቀን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የቀጠረኝ ጌሙን የሚሠራው ድርጅት ሳይሆን ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ነው። ክፍያው በሰዓት 19 ዶላር። የባጃችን ቀለም እንኳ ከቋሚዎቹ ይለያል።

ጌሙ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው «ክራንች» የሚሉት ጥድፊያ መጣ። በሳምንት 65 ሰዓት ገባን። የፋሲካን ጾም የፈታሁት ቢሮ ውስጥ፣ እህቴ በቋጠረችልኝ ዶሮ ወጥ ነው። እኛ የሰዓት ተከፋዮች ከ40 ሰዓት በላይ ላለው አንድ ተኩል እጥፍ እናገኛለን። አጠገቤ የሚቀመጠው ፕሮግራመር ግን ደሞዙ የዓመት ስለሆነ ያ ሁሉ ሌሊት ምንም አልጨመረለትም። ልጁን ነቅቶ የሚያየው እሑድ ማታ ብቻ ነበር።

ጌሙ ሲወጣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እስከ መጨረሻው ተጫወትነው። የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መውረድ ጀመረ። ወንድሜ ስልኩን ደግኖ ስሜን ጠበቀ። የኤጀንሲው ስም አለፈ፣ እኔ የለሁም። «አንተስ የት አለህ?» አለኝ። የምለው ጠፋኝ። ከደሞዙም ከክራንቹም በላይ ያ አንገበገበኝ።

ዊስኮንሲን ያሉ፣ ሬቨን ሶፍትዌር የሚባል የጌም ድርጅት ቴስተሮች ባልደረቦቻቸው ሲቀነሱ ሥራ አቁመው፣ በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. 19 ለ3 በሆነ ድምፅ የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። በጥር 2023 ደግሞ ዜኒማክስ የሚባል ሌላ የጌም ድርጅት ወደ 300 የሚጠጉ ቴስተሮች ተከተሉ። ይህን ምሳ ሰዓት ላይ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሁለቱ ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ኮንትራታቸው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

ባለፈው ሳምንት ኤጀንሲው አዲስ ኮንትራት ላከልኝ። ከክፍያው በፊት የጠየቅኳቸው «ስሜ ይጻፋል ወይ?» ብዬ ነው። እስካሁን አልመለሱልኝም። እኔም አልፈረምኩም።