የቮልስ ኤሌክትሪክ ቾክ ሲበላሽ፦ ያለ ጭነት የተለካ ቮልት አያሳምናችሁ

አሮጌ ቮልስዋገን የሚነዳ ሰው ጠዋት ጠዋት ከማርሚታው ጥቁር ጭስ የሚወጣ፣ ሞተሩ የሚንገጫገጭና መኪናው ውስጥ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ካርቡሬተሩ አልቋል፣ ቀይረው» ይባላል። እኔም ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ገንዘብ ከፍዬበታለሁ። ካርቡሬተሩ ግን አላለቀም ነበር። የተበላሸው ከአንድ ክንድ የማትረዝም ሽቦ ነበረች። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ወጪና ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ስለነበር፣ ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁ ሰዎች ያገኘሁትን በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ባለ 12 ቮልት 1300 ቮልስ ስትሆን፣ ካርቡሬተሯ ሶሌክስ 30 ፒክት-2 ነው። በዚህ ካርቡሬተር ላይ ያለው ቾክ፣ ማለትም ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሣ አየሩን የሚያሳንሰው ክፍል፣ በእጅ የሚሳብ አይደለም። በጎኑ በሦስት ብሎን የታሰረ ክብ ክዳን አለ፤ በክዳኑ ውስጥ ከሁለት የተለያዩ ብረቶች የተሠራ ጥቅል ሞላ አለ። ሞላው ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለውን የአየር መዝጊያ ይዘጋዋል፤ ቁልፍ ሲከፈት ደግሞ ከቦቢናው (ለሻማዎቹ እሳት ከሚሰጠው መጠምጠሚያ) 15 ቁጥር ተርሚናል የሚመጣው ኤሌክትሪክ ያሞቀውና ቀስ በቀስ እየተፈታ መዝጊያውን ይከፍተዋል። ሁሉም ነገር ደኅና ከሆነ መዝጊያው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእኔ ግን ከቤት ተነሥቼ የሥራ ቦታዬ እስክደርስ ድረስ ግማሽ በግማሽ እንደተዘጋ ነበር።

መዝጊያው አልከፈት ሲል የሚጎዳው የቤንዚን ወጪያችሁ ብቻ አይደለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርድና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ውኃ የሌለው፣ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ ሞተር ስለሆነም ዘይቱ ሲቀጥን ጉዳቱ ፈጥኖ ይመጣል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ ሳሸተው ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩን ችላ ልለው አልቻልኩም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ የተሰጠኝ ምክንያት የከተማው ከፍታ ነው። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ድብልቅ ቤንዚን ይበዛበታል። ነገር ግን ከፍታ ያመጣው የቤንዚን ብዛት ጠዋትም ቀትርም ያው ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ አይጠፋም። ቾክ ያመጣው ግን ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ እየቀነሰ ይመጣል። ከሁሉም የሚቀለው መለያ ደግሞ ይህ ነው፦ ሞተሩ ሞቆ እያጨሰ ሳለ የአየር ማጣሪያውን አንሡና መዝጊያውን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ሞተሩ ወዲያው ከተስተካከለና ጭሱ ከጠራ ጥፋቱ የቾክ ነው። ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን ይህን ሙከራ ሳያደርግ ስለ ከፍታ የሚያወራችሁን መካኒክ አትስሙት። የእኔው መካኒክ ሙከራውን ሳያደርግ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን ተለክቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያለውን ብሎን) በጠባብ ቀየረው፤ በዚህም የተነሣ መኪናዋ ጠዋት እንደበፊቱ እያጨሰች፣ ከሰዓት በኋላ ሲሞቃት ደግሞ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣ ጀመር።

ሁለተኛው መፍትሔ ብለው ያቀረቡልኝ መዝጊያውን ከፍቶ በቀጭን ሽቦ ማሰር ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ቾክ ምን ያደርጋል?» አለኝ ወጣቱ መካኒክ። ድሬዳዋ ቢሆን ምናልባት እስማማ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አዲስ አበባ ላይ ግን የታሰረ ቾክ ያለው ቮልስ የሚነሣው ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ በመርገጥ፣ ሞተሪኖውንና ባትሪውን በማድከም ነው። በዚህ ከተማ ከማያቸው ቮልሶች ብዙዎቹ ቾካቸው ታስሮ ነው የሚሄዱት፤ ባለቤቶቻቸውም ተቸግረው እንጂ ወድደው ያደረጉት አይመስለኝም።

ወደ ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ የቾክ ክዳን ገዛሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቆዩት ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ስለነበሩ የሁለቱም ዓይነት ክዳን በገበያ ላይ ይገኛል፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። የ6 ቮልቱን በ12 ቮልት መኪና ላይ ብታስሩት ያለጊዜው ይከፍታል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። የ12ቱ በ6 ቮልት መኪና ላይ ከዋለ ደግሞ መክፈት ያቅተዋል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ እንጂ ሻጩ በቃሉ የሚነግራችሁን አትቀበሉ። ክዳኑን መቀየር ቀላል ሥራ ነው፤ ሦስቱን ብሎኖች መፍታትና የሞላውን ጫፍ በመዝጊያው ዘንግ ክንድ ላይ በትክክል ማስያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው። አዲሱ ክዳን ገባ፤ ጭሱ ግን እንዳለ ቀጠለ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው የሙከራ አምፖሉን ይዞ መጣና የቾኩን ሽቦ ነቅሎ በጫፉ ላይ ሲነካው አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ። «ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ችግሩ የእኔ አይደለም» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎኝ ሄደ። ሌላው ባለሙያ ቴስተር ነበረው፤ እርሱም ሽቦውን ነቅሎ ለካና 12.1 ቮልት አነበበ፤ ያው ፍርድ ተሰጠ። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም በዚሁ መካከል ደረሰ። መርማሪው መኪናዋ ተራዋን ጠብቃ ስትገባ የምታወጣውን ጭስ አይቶ ሞተሩ ይታደስ ብሎ ጻፈ። የአየር ማጣሪያውን እንዲያነሣና መዝጊያውን በዓይኑ እንዲያይ ለመንኩት፤ «እኛ የምናየው የሚወጣውን ነው» አለኝ። ሞተር ማደስ ምን ያህል ወጪ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ክዳን አንሥቶ ለማየት ሰከንዶች የማይፈጅበትን ነገር ሳያይ እንዲህ ያለ ውሳኔ በወረቀት ላይ ማስፈሩ ተገቢ አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን የምለው ይህንኑ ነው።

ሁለቱም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የለኩት ሽቦው ተነቅሎ፣ ማለትም ምንም ጭነት ሳይኖርበት ነው። ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ትንሿ የሙከራ አምፖልም የምትስበው ከቾኩ በጣም ያነሰ ነው። የቾኩ ማሞቂያ ግን እውነተኛ ጭነት ነው፤ የደከመ ሽቦ ቮልት የሚያጎድለው ደግሞ እንዲህ ኤሌክትሪክ በብዛት ሲሳብበት ነው። ስለዚህ እኔ ራሴ ቴስተር ገዛሁና ሽቦውን በቾኩ ላይ እንደተሰካ ትቼ፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በቾኩ ተርሚናል፣ ሌላውን በካርቡሬተሩ አካል ላይ አድርጌ ቁልፉን ከፈትኩ። የተነበበው 5.8 ቮልት ነበር። ሽቦውን ስነቅለው ተመልሶ 12.1፤ ስሰካው እንደገና 5.8 ሆነ። ቮልቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጠረው ሙቀት በግማሽ ሳይሆን በአራት እጅ ስለሚያንስ፣ ቾኬ ያገኝ የነበረው ከሚገባው ሙቀት ከሩብ በታች ነበር ማለት ነው። አዲስ ክዳን ብቀይርም ምንም ለውጥ ያልመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የጎደለው ቮልት የት እንደቀረ መፈለግ ነው። በመጀመሪያ ማሳውን (ኤሌክትሪኩ በብረቱ አካል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ) መርምሩ፦ ቾኩ እንደተሰካ ሆኖ የቴስተሩን ጫፎች በካርቡሬተሩ አካልና ከኋላ ወንበር ሥር ባለው የባትሪ ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ፤ ንባቡ ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። የእኔ ደኅና ነበር። ከዚያ በቦቢናው 15 ቁጥርና በቾኩ ተርሚናል መካከል ለኩ፤ እዚህ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ ጥፋቱ ያለው በዚያች አጭር ሽቦ ላይ ነው። እኔ ከ5 ቮልት በላይ አነበብኩ። ሽቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ስከተል በጥቁር ቴፕ የተጠቀለለ አንድ ቦታ ከሌላው ይልቅ ሞቆ አገኘሁት፤ የቴፑ ሙጫም ቀልጦ ይጣበቅ ነበር። ፈታሁት። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ለሌባ መከላከያ ድብቅ ማጥፊያ ሲያስገጥም፣ ሥራውን የሠራው ሰው የቾኩን ሽቦ ቆርጦ በቀጭን ሽቦ ቀጥሎት ነበር፤ ያውም ሁለቱን ጫፎች በጣት ጠምዝዞ ቴፕ ጠቅልሎባቸው እንጂ ሳይበይድና በፒንሳ በሚጨመቅ መገጣጠሚያ ሳያስር። መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል፤ ከክሮቹም የቀሩት ጥቂት ናቸው። ያ መገጣጠሚያ ራሱ እንደ ሁለተኛ ማሞቂያ ሆኖ ለቾኩ የተላከውን ቮልት እኩሌታ ይበላ ነበር።

መፍትሔው የሚጠይቀው ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ከቦቢናው 15 ቁጥር እስከ ቾኩ ድረስ ያለ አንዳች ቅጣይ መዘርጋትና ጫፎቹን በደንብ በሚጨመቁ አዲስ ተርሚናሎች ማሰር ብቻ ነው። ለጂግለሩ፣ ለክዳኑ፣ ለባለሙያዎቹና ለድጋሚ ምርመራው ካወጣሁት ጋር ሲነጻጸር የሽቦው ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቾኩ እንደተሰካ ሞተሩ እየሠራ ስለካው ከ13 ቮልት በላይ አነበብኩ፤ ጠዋት መኪናዋን አስነሥቼ ከላይ ቆሜ ስመለከትም መዝጊያው በዓይኔ ሥር ቀስ በቀስ ተከፍቶ ቀጥ አለ። በዚያ ቀን የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። ጂግለሩንም ወደ ነበረበት መለስኩት።

በሥራው ጊዜ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገሮች አሉ። ሽቦውን በቦቢናው 1 ቁጥር ላይ ፈጽሞ እንዳታስሩ፤ እርሱ ወደ ፑንቲናው (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ እየዘጋ ወደሚከፍተው መገናኛ) የሚሄድ ነው፤ ቾክ ከዚያ ጋር ከተገናኘ የሞተሩ እሳት ይረበሻል። ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፉን ከፍታችሁ ለረጅም ጊዜ አትቆዩ፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆመ ቦቢናው ይግላል፤ ለመለካት የሚያስፈልጋችሁን ያህል ብቻ ከፍታችሁ ዝጉት። ሽቦ ስትቀይሩ የባትሪውን ማሳ ንቀሉ። የቤንዚን ጎማው ካርቡሬተሩ ላይ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ሥራው በፊት ቀይሩት፤ በዚህ ሞተር ላይ ቤንዚንና ብልጭታ በጣም ተቀራርበው ነው ያሉት።

ስለ ክዳኑ አቀማመጥ የፋብሪካው መጽሐፍ በክዳኑ ላይ ያለውን ምልክት በካርቡሬተሩ አካል ላይ ካለው መካከለኛ ምልክት ጋር አስተካክሉ ይላል። እኔ በአዲስ አበባ ይህን አልመክርም። አየሩ ሳስቶ ድብልቁ አስቀድሞ በቤንዚን የበለጸገ ስለሆነ፣ መካከለኛው ምልክት ላይ ሲታሰር ቾኩ ደኅና እየሠራም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጭስ ይበዛባቸዋል። ሦስቱን ብሎኖች አላሉና መዝጊያውን እያያችሁ ክዳኑን ወደሚከፍተው አቅጣጫ ጥቂት አዙሩት፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነዳጅ መስጫው አንድ ጊዜ እስከ ታች ተረግጦ ሲለቀቅ መዝጊያው ቀለል ብሎ መዘጋት አለበት፤ ተጨንቆ መዘጋት የለበትም። በዝቅተኛና ሞቃት ቦታ የምትነዱ ከሆነ ግን የሚበቃችሁን በዚሁ መንገድ ራሳችሁ ሞክሩ። ይህን ስታደርጉ መጽሐፉ ያዘዘውን አንድ ነገር ግን አትተዉ፦ ጠዋት ሞተሪኖውን ከመምታታችሁ በፊት ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ እስከ ታች ረግጣችሁ ልቀቁ፤ ካልተረገጠ ቾኩ በቦታው አይቀመጥም።

ባለሙያ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ «ቮልቱን ለካልኝ» ብቻ አትበሉት። «ቾኩ እንደተሰካ ለካልኝ» በሉት፤ ቆማችሁም ንባቡን በዓይናችሁ እዩ። ሽቦውን ነቅሎ ሊለካ ከጀመረ አስቁሙትና እንዲመልሰው ጠይቁት፤ እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።